የስጦታው ግራ እጅ

ስጦታው ደግ ሰው ነው፤ አንድ ጠባዩ ብቻ ያስቸግራል፤ ሥራ የሚያስተምረውን ሰው ማየት አይወድም። ለነገሩ ቢኮራም አይፈረድበትም። ቢቸና ዳር ባለው ሰፈር እንደ እሱ ጤፍ የሚያጭድ የለም። ግራ እጁ ጨበጥ ያደርጋል፣ ቀኙ ማጭዱን ሳብ፣ ግራው ደግሞ ወደሚቀጥለው። "ሰው በቀኙ የሚያጭድ ይመስለዋል" ይላል፣ በተለይ ጠላ ቀመስ ሲያደርግ፤ "አጫጁ ግራው ነው፤ ቀኝ ምን ያውቃል? የያዙለትን ይቆርጣል እንጂ!"

የ2007 ኅዳር ገብቶ ጤፉ ደርሶ ነበር። ደቦው ተጠርቷል፣ ጠላው ተጠንስሷል። አውድማው ላይ ግን ጣጣ አለ። ዳር ዳሩን የበቀለው ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ወፉ ደግሞ ከላይ ሆኖ የራሱን ይጨምርበታል። ሞጣ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራው ልጁ ሰሎሜ ይህን ስትሰማ፣ በባትሪ የሚሠራ የቅርንጫፍ መቁረጫ ይዛ በሚኒባስ ከች አለች።

ነገርየው ሲያዩት ትልቅ መቀስ ነው። ሁለት ረጃጅም እጀታ አለው፤ ጫፉ እንደ ጉጠት ይከፈታል፤ ውስጡ ጥርሳም ሰንሰለት ይዞራል። በሁለቱም እጀታ ላይ ማብሪያ ስላለ፣ ሁለቱ አብረው ካልተጨበጡ አይሠራም።

"አባየ፣ ስማኝ" አለች ሰሎሜ። "ሁለቱም እጅህ እጀታው ላይ ይሁን። ጋቢህን አውልቅ፣ ጫፉን ከያዘው አንተንም ይዞህ ይገባል። መሰላል ላይ አትውጣበት፤ መሬት ቆመህ የደረስህበትን ብቻ ቁረጥ። ቅርንጫፉ በሚወድቅበት በኩል አትቁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሰንሰለቱን ልትነካ ስትል መጀመሪያ ባትሪውን አውጣ። ቆሟል ብለህ እንዳታምነው!"

"ለቀባሪው አረዱት!" አለ ስጦታው። "እኔ በመጥረቢያ ያረጀሁ ሰው ነኝ እኮ፣ ልጄ።"

"ሰንሰለቱ እንዳይደርቅም ዘይት ጠብ ጠብ እያደረግህ።"

"ጠፍሩን በቅቤ አይደል የማሸው? ይኼንንም በቅቤ አሸዋለሁ።"

"ቅቤውንማ ለእማየ ራስ ተውላት! ይኸው፣ የራሱ ዘይት አለው።"

እናቷ ወይንእሸት ሳቀች። እሷ ስትማር ዝም ብላ ነው። ሰሎሜ ወደ ሞጣ ከመመለሷ በፊት፣ ባትሪውን እንዴት ተጭና እንደምታወጣና እንደምትመልስ ደጋግማ አስደረገቻት። ስጦታው በዚያን ሰዓት ጋቢውን ተከናንቦ ለጎረቤት መሣሪያውን ሲያሳይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። ጋቢውን እንኳ አወለቀ፤ ይህ አይካድም። የመጀመሪያዎቹን ቅርንጫፎች ልጁ እንዳለችው በሁለት እጁ ጨብጦ ቆረጠ። እሰይ! መጥረቢያ ላብ የሚያስጠምቅበትን ሥራ ይኼ እንደ ጎመን ቀነጠሰው። ግን ቅር አለው። ቅርንጫፉ እንዳሻው ይወድቃል፤ ያዝ የሚያደርገው የለም። "ግራዬ ሥራ ፈታ" አለ። ዕድሜውን ሙሉ እየጨበጠ የቆረጠ ሰው፣ ሳይጨብጥ መቁረጥ ሥራ አይመስለውም።

ስለዚህ ከባሕር ዛፉ ልጥ ላጠ፣ የአንዱን እጀታ ማብሪያ ጭምቅ አድርጎ አሰረው፣ እጀታውን በብብቱ ሥር አጣበቀው። ሌላውን በቀኙ ያዘ። ግራ እጁ ነፃ ወጣና ቅርንጫፉን እንደ ጤፍ ጨበጠው።

ወይንእሸት ከማድ ቤቱ በር ላይ አየችው።

"ኧረ አንተ ሰውዬ! ልጅቱ ምን ብላህ ሄደች?"

"ልጅቱ ሞጣ ናት።"

"እኔስ?"

"አንችማ ድንችሽን ላጭ።"

እንዲህ ነው ስጦታው። ትንሽ እንደሄደ የባሕር ዛፉ እርጥብ ልጥ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ተጠመጠመና ነገርየው ቀጥ አለ። አላቅቀዋለሁ ብሎ ገና ሳያጎነብስ፣ ጎረቤቱ አባ አካለ ወልድ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ አሰሙ። ቄስ ቆሞ እየጠበቀ እንጨት አይቆረጥም። መሣሪያውን ግንዱ ላይ አስደግፎ ሄደ፣ መስቀል ተሳለመ፣ እንደምን አደሩ ተባባሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ውርጩ ተጠያየቁ። አባም ሰላምታ ሲያሳጥሩ አይታወቁም።

ሲመለስ መሣሪያው እንደነበረ ግንዱን ተደግፏል። እጀታውን ብብቱ ሥር መለሰ፣ ግራ እጁን በመሣሪያው ጥርስ መካከል ሰደደ፣ የተጠመጠመውን ልጥ ይዞ ሳበ። እንቢ አለ። ጠበቅ አድርጎ ሳበ። አሁንም እንቢ።

"ሰንሰለቱ ቅንጣት ታህል ነቅነቅ ቢል ይለቅ ነበር" አለ ለራሱ። በቀኙም ማብሪያውን ተጫነ።

ዝም።

ደግሞ ተጫነ። ዝም። "ይኼ መብራት! ባትሪውን ሲሞላ አድሮ ይሆን ሲጠፋ አድሮ?" ብሎ መብራት የሚያጠፉትን ሁሉ ረገመና መሣሪያውን ገልበጥ አደረገው። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው።

ግራ እጁ ገና ጥርሱ ውስጥ ነበር።

በቀስታ አወጣው። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ላይም ቁጭ አለ። ያኔ ሁሉም ነገር ፊቱ ላይ መጣበት። ማረስ ቀረ፤ ማጨድ ቀረ፤ መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጥቶ፣ በገዛ አውድማው ዳር እንደ እንግዳ ቆሞ ድርሻውን ሲጠብቅ ታየው። "አምላኬ ሆይ!" አለ።

የለመደው ቁጣ ግን ከምስጋናው ቀደመ። "ማን ነው የነካብኝ?" ሊል አፉን ከፈተ። ግን ግራ እጁን አየና አፉን ገጥሞ ተነሣ።

ማድ ቤት ሲገባ ወይንእሸት ድንች እየላጠች ነበር። ባትሪው መቀነቷ ውስጥ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ፊቱን ሳታይ ቀደመችው፦

"አዎ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ከአባ ጋር ስትጫወት መጥቼ ወሰድሁ። በል ተቆጣ፣ ለምጀዋለሁ።"

ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አላየውም፤ "በይ አምጭ" ብሎ ተቀብሏት ቢወጣ፣ ነገሩ በእሱና በፈጣሪው መካከል ይቀር ነበር። ለአንዲት አፍታም ይህ አማረው፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

"ወይንእሸት" አለ፣ "እጄ ጥርሱ ውስጥ ነበር። ማብሪያውንም ተጭኜው ነበር።"

ድንቹ ከእጇ ወደቀ። ተነሥታ ግራ እጁን ያዘች፣ መዳፉን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ ደረቱን በቡጢ መታችው። "እኔን ልትገድለኝ ነው? እኔን?" እያለች አለቀሰች።

"እግዜር ይስጥሽ" አለ ስጦታው። "ዕድሜ ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ።" እንግዳ ሆኖ ውሃ ላቀበለችው ሴት ሁሉ የሚለውን ቃል፣ ለገዛ ሚስቱ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንዴ ከወጣለት ደግሞ ማቆም አቃተው፤ እስኪበቃት መረቃት።

ከሰዓት በኋላ አብረው ወጡ። ባትሪው መቀነቷ ውስጥ እንዳለ፣ እሱ የሰንሰለቱን ልጥ በእንጨት እየመነቀረ አወጣ፣ ጉዱፉን በብሩሽ ጠረገ፣ የላላውን አጠበቀ፣ ዘይት ጠብ አደረገ። ማብሪያው ላይ ያሰረውን ልጥም በጥሶ ጣለ። ባትሪውን ያቀበለችው ሁለት እጁ እጀታው ላይ መሆኑን አይታ ነው። እስኪመሽ አውድማው ሰማይ ታየው።

የደቦው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ መጣ። አጫጆቹ ተሰልፈው ሲሞቅላቸው፣ እንደ ልማዱ አንድ አንዱ እየወጣ ይፎክር ጀመር። አንዱ በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ጌታ ስም። ተራው ስጦታው ላይ ደረሰ። ብድግ አለ፣ ማጭዱን ነቀነቀ።

"ዘራፍ! ዘራፍ የወይንእሸት አሽከር!"

ማጭዱ ሁሉ ቆመ። የደቦው ቀልደኛ ቢያድግልኝ ጆሮውን አላመነም።

"ኧረ ጉድ! የማን አሽከር ነው ያለው?"

"የወይንእሸት ነው ያልሁ!" ግራ እጁን ከነጨበጠው ጤፍ ወደ ላይ አነሣ። "ይህን እጅ ባትሪ ነቅላ ያቆየችልኝ እሷ ናት! እኔ ሞኙ ላስበላው ነበር። የሰማህ ስማ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። ወይንእሸት የጠላውን ገንቦ እንዳዘለች ማሳው ዳር ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም ነበር። ቆይታ ነጠላውን ገለጥ አደረገችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መለሰችለት፦

"አሽከር ከሆንህማ እጨድ እንጂ! ምን ያስቆምሃል?"