የአጎቴ ኩሬ

እማዬ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት አጎቴ ቡንሎም መጥቶ በግራ እጇ አንጓ ላይ ነጭ ክር አሰረላት። የታመመ ሰው ነፍሱ ደንግጣ ትሸሻለች፤ ክሩ መልሶ ያስቀምጣታል። ጊዜው ሲደርስ ቋጠሮው በጣት ይፈታል፤ መቀስ አይነካውም። በእኛ መንደር ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

እማዬ ከክርስቲያኖቹ ጋር መጸለይ ከጀመረች ወዲህ ወንድሟ አያናግራትም ነበር። ክሩን ሲያስር ግን አለቀሰ። እሷም አጋጣሚውን አላሳለፈችም።

"ጋሼ፣ ኩሬህ ውስጥ ልጠመቅ?"

ዓሣ የሚያረባበት ኩሬ ነው። ሲጋራ ለኮሰና "ዓሦቼን እንዳታስደነግጡ" አላት። እማዬ ያን ሌሊት ከደስታዋ ብዛት አልተኛችም። ጥምቀቱንም ወንድሟንም ልታገኝ ነው።

እሑድ ዕለት እኔ የተገኘሁት ለማስተርጎም ነው። ስኮትላንድ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ መንደሩ የሚያውቅልኝ ጥቅም ይኸው ነው። በጸሎቱ አላምንም፤ በክሩም አላምንም። የማስተረጉምላት መምህርት ዴልፊን ከካሜሩን መጥታ ትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ርዕሰ መምህሩ ነጭ ሲጠብቅ ስለነበር እስካሁን እንዳኮረፋት ነው። ገበያ ላይ ሴቶቹ ክንዷን እየዳበሱ "ይለቃል እንዴ?" ይባባላሉ። ቢያንስ እሑድ ከእምነት ወገኖቼ ጋር እሆናለሁ ብላ ነበር።

በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ከተሠራው ቤታችን ሥር፣ በምሰሶዎቹ መካከል፣ ምእመናኑ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጥፈው ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ዴልፊን ብድግ ብላ አጨበጨበች። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

"ገበያ አይደለም በያት" አለኝ ፓስተር ዊሮት።

"ምን አለ?"

"ቁጭ በይ ይላል።"

"እዚህ አገር እግዚአብሔር ተኝቷል እንዴ፣ እንዳይነቃ ነው የምትፈሩት?" አለችኝ። ይህን አልተረጎምኩም።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ጮኸ፦ "እናንተ የፈረንጅ አምላክ አገልጋዮች! ዛሬ ደግሞ ጥቁር አመጣችሁለት?" ሚስቱ ሳቀች። ከእኛም መካከል የሳቀ ነበር።

ኩሬው ዳር አጎቴ ቁጢጥ ብሎ ያጨሳል። እማዬ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ውሃው ወገቧ ድረስ እስኪደርስ ገባች። ፓስተሩ ተከትሏት ገብቶ እጇን ሲይዝ ክሩን አየ።

"ይሄ ምንድነው፣ እማማ ካምፓን?"

"ወንድሜ ነው ያሰረልኝ።"

"ይውጣ።"

"ቀኑ ሲደርስ በደንቡ እፈታዋለሁ፣ ፓስተር።"

"አሁን ይውጣ!"

ዴልፊን ክንዴን ጎነጠችኝ። "ክሩ ይውጣ እያላት ነው" አልኳት። ሌላውን ማብራራት ሰለቸኝ። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፣ ከቦርሳዋ የጥፍር መቀስ አወጣችና ቀጭ አደረገችው። ፈገግ ብላ ዞረች፤ በመጨረሻ ሰው የሚፈልገውን ነገር ያደረገች መስሏታል።

አጎቴ ሲጋራውን ወረወረ። "ማነው የእህቴን ዕድሜ የቆረጠው?"

"አጎቴ፣ እሷ እኮ አታውቅም..."

"አንቺስ? አንቺም አታውቂም? ውጡ! ሁላችሁም ከኩሬዬ ውጡ!"

"አየሽ፣ እማማ?" አለ ፓስተሩ። "በክር ነው የያዘሽ።"

"አንተ ደግሞ በምን ልትይዛት ነው? በእኔ ውሃ?"

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጮሁ ጀመር። እማዬ "በረደኝ እኮ" አለች። የሰማት የለም። አፍንጫዋን ያዘችና ቁጭ አለች፤ ውሃው በላይዋ ገጠመ።

ብቅ ስትል ጩኸቱ ቆሟል።

"ይሄ አይቆጠርም። እኔ አላጠመቅኩሽም" አለ ፓስተሩ።

"ሳንባዋ ሳይድን! አበደች!" አለ አጎቴ።

እማዬ ባዶ አንጓዋን ወደ ወንድሟ ዘረጋች። "እንደገና እሰርልኝ፣ ጋሼ።"

"ካሰረልሽ አላውቅሽም" አለ ፓስተሩ። መልሷን ሳይጠብቅ ከውሃው ወጣ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ከዳር አንስቶ ሄደ፤ ምእመናኑም ተከተሉት። አጎቴ የተዘረጋውን እጅ አየው። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አጠለቀና በሌላኛው በኩል ሄደ። ዞር ብሎም አላየን።

የእማዬ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ዴልፊን ግን ጭቃው እማዬን አዳልጧት እርዳታ የፈለገች መሰላት፤ ያዘቻትና ጎትታ ዳር አወጣቻት።

"እጄን የዘረጋሁት ለሷ አልነበረም" አለች እማዬ።

"ምን አለች?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

ዴልፊን ወዲያና ወዲህ አየች። "ታዲያ ለማን ነው? ሁሉም ሄዷል እኮ" አለች። የእማዬን እጅ ግን አልለቀቀችም።