የሚፍታህ ትንሿ ጣት

አሶሳ ውስጥ አናጺ የሚመረጠው በእጁ ሥራ ሳይሆን በእጁ ነው። አልጋ ሊያሠራ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይጨብጣል፤ ሲጨብጥ በዘዴ ይቆጥራል። ጣት ከጎደለ "ይሄስ ከእንጨት ጋር የኖረ ነው" ይልና ልቡ ያርፋል። ሙሉ ከሆነ ግን ያለቀውን ቁም ሳጥን አሞጋግሶ፣ "እንግዲህ ተማክረን እንመለሳለን" ብሎ ይሄዳል። ተማክሮ የተመለሰ እስካሁን አልታየም።

በዚህ ሚዛን ኡስታ ጀዕፈርን የሚያህል አልነበረም። ኡስታ የአካባቢው በርታዎች ለባለሙያ የሚሰጡት ማዕረግ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ማዕረጉን በእጃቸው ይዘውት ይዞራሉ። በሁለቱ እጅ የቀራቸው ሰባት ጣት ነው። ሥራ ካቆሙ ቢቆዩም፣ አሮጌ ማሽናቸውም ቤታቸው ጥግ ያለ ሥራ ቢቆምም፣ ሰርግ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳላቸዋል። ሦስቱን ጣት እንዴት እንዳጡ የጠየቃቸው ሰው የለም። ምን ይጠየቃል? አናጺ ናቸው፣ መጋዝ በላው፣ አለቀ።

ሚፍታህ ግን አሥር ጣት ነበረው፣ ምስኪን።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ወላጆቹ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እሱ አዲስ አበባ አንድ የእንጨት ፋብሪካ ውስጥ ሙያ ለምዶ ተመለሰና ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ አሮጌ ባንድሶ ተከለ። ባንድሶ ስሱ ጥርሳም ላማ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞርበት ማሽን ነው። ሌላው አናጺ ቁልፉን ተጭኖ ሥራውን ይጀምራል። ሚፍታህ ግን ሰዓቱን ያወልቃል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ የላማውን መከለያ እንጨቱ አናት ድረስ ያወርዳል። የመጨረሻዋን ቁራጭ በጣቱ አይገፋም፤ መግፊያ እንጨት አለው። ማታ ሶኬቱን ነቅሎ፣ የላማውን ውጥረት አላልቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ መዘውሮቹ ላይ የተጋገረውን ሰጋቱራ በብሩሽ ይጠርጋል። ጎረቤቶቹ "ሚፍታህ ማሽኑን ነው ያገባው፤ ማታ ማታ ቀበቶውን ያላላለታል" እያሉ ይስቁበት ነበር።

እሱ ማግባት የሚፈልገው ግን ሀዲልን ነው። ሀዲል ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሳቋ ቀድሟት ከበር የሚገባ፣ ያሰበችውን ሳታደርግ የማታድር። ችግሩ አባቷ ኡስታ ጀዕፈር መሆናቸው ነው።

ሽማግሌ ተላከ። ኡስታ በክብር ተቀበሉ፣ አበሉ፣ አጠጡ፣ ከዚያም ሴትና ወንድ በማይለየው የበርታ አማርኛቸው እንዲህ ብለው መለሱ።

"ልጁ ጠባዩ ጥሩ ነው። ሶላት ይሰግዳል። የወሎ ልጅ መሆኑ፣ እሱ ምንም አይደል። ግን ወላሂ እጁን አይቻለሁ። የጸሐፊ እጅ ነው። ሀዲል ልጄ ነው፣ ተምሯል። ለሰነፍ አልሰጥም።"

ሚፍታህ ይህ ሲነገረው ሁለት እጁን ዘርግቶ አያቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝተው ታዩት።

መላውን ያመጣችው ሀዲል ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በግቢው አጥር በኩል ጠራችውና ግራ እጁን ተቀብላ ትንሿን ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፈቻት። ከቦርሳዋ ፋሻ አውጥታ እያዞረች ጠመጠመችበት፤ ሲያልቅ ከጣቱ ግማሹ የሌለ መሰለ።

"ማንም ከጠየቀህ 'አልሐምዱሊላህ፣ ተርፌያለሁ' በል። ሌላ እንዳትጨምር። ውሸት አትችልም።"

"ከዚያስ? ሁልጊዜ አጥፌው ልኖር ነው?"

"መጀመሪያ አግባኝ።"

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ሚፍታህ ተምሮ ነበር፣ ተምሮም ተጠመጠመ። ወሬው ከሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ለቀቁለት። ተማክረን እንመለሳለን ብሎ የቀረ አንድ ነጋዴ ያለ ወትሮው ሰላም አለው። ኡስታ ጀዕፈር ደግሞ ከመስጊድ ሲወጡ አግኝተውት ፋሻውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩ።

"ላማ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ተርፌያለሁ።"

"አላህ ይማርህ!" አሉ፤ ፊታቸው ግን ሰርግ ቤት የገባ ሰው ፊት ነበር። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ነገ እመጣለሁ። እጅህን አይቻለሁ፣ አሁን ሥራህን አያለሁ። ኸላስ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የዋንዛ ጣውላ ተሸክመው መጡ። በእርሳስ የአልጋ እግር ቅርጽ ሥለውበታል፤ የሚጠማዘዝ፣ ባንድሶ የሚጠይቅ። በርጩማ ስበው ተቀመጡና "ቁረጥ" አሉ።

ሚፍታህ ደረቀ። ከላማ አጠገብ የተጠመጠመ ነገር አይቀርብም፤ አንዲት ክር ከያዘ እጅን ተከትሎ ይወስዳል። ፋብሪካ እያለ የዚህን ነገር ውጤት አይቷል። ፋሻውን ልፍታ ቢል ሀዲል ልትሄድ ነው። ሳልፈታ ልቁረጥ ቢል ውሸቱ እውነት ሊሆን ነው።

"ሐኪሟ ሥራ አትንካ ብላኛለች" አለ።

"ሐኪሟ ልጄ ነው። እኔ ልጄን አልፈራም። እኔ በተቆረጥኩ ማግስት በር ሠርቻለሁ።"

ሚፍታህ ሰዓቱን ማውለቅ ረሳ። እጅጌውን መሰብሰብም ረሳ። መከለያውን ሳያወርድ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ አጓራ፣ ላማው መብረር ጀመረ፣ የፋሻው ጫፍም በነፋሱ ብድግ ብሎ ወደ ጥርሱ መወዛወዝ ያዘ። ሚፍታህ ጣውላውን ወደፊት ገፋ አደረገ። ፈራ፤ በጣም ፈራ። ሀዲልን አሰበ፣ ጣቱን አሰበ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የተባለ መሰለው። ጣውላው ላማውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ጸጥ አለ።

መብራት ሄደ።

ያን የሚያህል የመብራት ግድብ ጎረቤት ይዘን መብራት በሄደ ቁጥር ስንራገም እንውላለን። የዚያን ቀን ግን በከተማው አንድ ሰው ስለ መብራት መሄድ አላህን አመሰገነ።

ኡስታ ጀዕፈር ምንም አልመሰላቸውም። መብራት ሲሄድ የአናጺ ሥራው የታወቀ ነው፤ ማሽን ያጸዳል። ተነሥተው የታችኛውን ክዳን ከፈቱና አጎንብሰው አዩ።

"ሰጋቱራ ይዟል" አሉ። እጃቸውንም በላማውና በመዘውሩ መካከል አስገብተው በጣታቸው መፋቅ ጀመሩ።

ሚፍታህ ላቡን እየጠረገ ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቁልፉ ሄደ። ቁልፉ እንደተጫነ ነው። ሶኬቱም እንደተሰካ። በየቀኑ የማይዘነጋውን፣ ጎረቤት የሚስቅበትን ያን ነገር፣ ውሸቱን ሲጠብቅ ረስቶታል።

"ኡስታ! እጅዎን!"

አልሰሙም፤ ጆሯቸውንም መጋዝ በልቶታል። ሚፍታህ ጣውላውን ጥሎ ተወረወረና ሶኬቱን በግራ እጁ ከነገመዱ መነጨቀው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የፋሻው ጫፍ ከክዳኑ ማጠፊያ ተያዘና ከጣቱ ላይ ተተረተረ። ያኔውኑ ከበላያቸው አምፖሉ ቦግ አለ። የጎረቤት ሬዲዮ ካቆመበት ጮኸ።

ማሽኑ ዝም እንዳለ ነው።

ኡስታ ጀዕፈር ቀና አሉ። አምፖሉን አዩ። መዘውሩ ውስጥ ያለውን እጃቸውን አዩ። ሚፍታህ የያዘውን ሶኬት አዩ፤ ከሶኬቱ ጎን ደግሞ ቀጥ ብላ የቆመችውን፣ አንዳች ያልነካትን ትንሿን ጣት። እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"ዋሽቻለሁ" አለ ሚፍታህ። "ሀዲልን ወድጄ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና የጎደለውን ቦታ እያሳዩ ተናገሩ።

"ይሄ፣ መብራት ሄዶ ሳጸዳ፣ መጣ። ይሄም፣ መብራት ሄዶ ላማ ስቀይር። ይሄ ደግሞ..." ትንሽ ሳቁ፣ ሳቁ ግን ከዓይናቸው አልደረሰም። "ይሄም እንደዚያው። ወላሂ፣ መጋዝ እየሠራ አንድ ጣት አልወሰደብኝም። ሦስቱንም የወሰደው ቆሞ ነው።"

"ለማን ነግረዋል?"

"ለማን እነግራለሁ? ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይነሳል። 'ተቀመጡ፣ እኔ ሶኬት የረሳሁ ሰው ነኝ' ልበል?"

ሚፍታህ ሳያስበው ሳቀ። ኡስታም ሳቁ። ሲሳሳቁ የሁለቱም እንባ መጣ፤ የአንደኛው ከሳቅ አልነበረም።

"ሀዲልን ውሰድ" አሉ በመጨረሻ። "አሥሩም ጣት ይዘህ ውሰድ። ግን ለመስጊዱ ሰው ሁሉ 'አማቼ ጣቱን የሰጠ ባለሙያ ነው' ብያለሁ። እስከ ሰርጉ ፋሻውን እሰር። ማሽን ጋ ስትቀርብ ፍታው፤ በሩንም ዝጋ።"

እንዲሁ ሆነ። ሚፍታህ ጣቱን ታሽጎ ተዳረ፤ ሥራ በላይ በላዩ ጎረፈለት፤ ደንበኛ ሲመጣ ይጠመጥማል፣ ሲሄድ ይፈታል። ከሰርጉ ሰንበት ብሎ ፋሻው ጨርሶ ሲወልቅ ጣት ሙሉ ሆኖ ታየ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ሲባል ሰምተን ነበር፤ የኛ ከተማ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ሀዲል የተቆረጠ ጣት ታበቅላለች ተባለና ጤና ጣቢያው በር ላይ የሦስት ከተማ አናጺ ተሰለፈ። እሷ አባረረቻቸው፣ ስትስቅ ግን ነበር።

አሁንም አሶሳ ላይ መብራት ይሄዳል። በሄደ ቁጥር የሚፍታህ ስልክ ይጮኻል።

"ነቅለሃል?" ይላሉ ኡስታ ጀዕፈር። ሰላምታ የለም።

"ነቅያለሁ፣ አባባ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

አንድ ቀን ሊዘጉ ሲሉ ሚፍታህ "እርስዎስ?" አላቸው።

ከወዲያ በኩል ስልኩ አንድ ቦታ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያም የነጠላ ጫማ ድምፅ፣ በጨለማው ቤት ውስጥ እየተጎተተ ወደ አሮጌው ማሽናቸው ሶኬት ሲሄድ።