ወፏና ኩሺኔታው

«ወፍጮው ይጮኻል» አሉ ሽማግሌው።

«የሚጮኸው የአባባ ጆሮ ነው» አለ ልጃቸው።

ሁለቱም ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። በሰፈሩ ሞተር የምጠግነው እኔ ነኝና።

ወፍጮ ቤቱ ከእርሻው ዳር፣ ከደረቁ ሸለቆ አፍ ላይ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚያ ነው፤ ድንጋዩ ሲደነዝዝ፣ የሞተሩ ቺንጋ ሲላላ በጆሯቸው ይለያሉ። ሰሞኑን ግን ይጮኻል ብለው ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ደህናውን ኩሺኔታ ሁለቴ አስፈትተው፣ የሰው እህል ሳይፈጭ ውሎ፣ የልጃቸው ትዕግሥት አልቋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንተ ፍረድ» አለኝ ልጁ ወደ ጎን ስቦ። «የሚጮህ ነገር ከሌለ ከነገ ጀምሮ ቤት ይቀመጡ። ጆሮው የደከመ ሰው ቺንጋ አጠገብ ቆሞ አንድ ቀን እጁን ያስበላል።»

ማንሾካሾኩ ነበር። መንገድ ላይ የነበሩት ሴቶች ዞረው አዩን።

«ሰምቻለሁ» አሉ ሽማግሌው ከውስጥ።

ሞተሩ ተነሣ። የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሺኔታው ላይ አሳርፌ እጀታውን ከጆሮዬ አስጠጋሁ። ኩሺኔታው ጡት ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን ሰላም ነው። በሆዴ «ጌታዬ፣ እኚህን ሰው እንዳላሳዝን እርዳኝ» አልኩ። እህሉ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ረገብ አለና ሰማሁት፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ጭርር፣ ጭር ጭር።

«ይኸው» አሉ ሽማግሌው።

«ምኑ?» አለ ልጁ።

«እስቲ ሞተሩን አጥፋው» አልኩት።

ቺንጋው እየተጎተተ ቆመ። ጭርታው አልቆመም።

ተከታትለን ወደ ጓሮ ዞርን። እሾህ አጥሩ ላይ አውራ ጣት የምታክል ግራጫ ወፍ ተቀምጣለች፤ ጉሮሮዋ ቢጫ ነው። ከገለባው ክምር ዘር ለቅማ ጠግባ፣ ጅራቷ እስኪንቀጠቀጥ ትዘምራለች።

«ለእሷ ነዋ ግራሶ ስቀባ የከረምኩት» አሉ ሽማግሌው፤ ሳቁ እንባ አመጣባቸው።

ልጁ አልሳቀም። አንገቱን አስግጎ ቆየ።

«አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ የላትም እኮ» አለ።

እኔና ሽማግሌው ተያየን።

«ታዲያ ቤት የሚቀመጠው ማነው? ዘፈኑን ጆሮህ ውስጥ ሰክተህ፣ ከወፍጮው በላይ እያስጮህክ…» ብለው ጀመሩና፣ ልጃቸው ጆሮውን ሲነካካ አይተው ተዉት። ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «ግድ የለም፤ ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ቺንጋው አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«እሺ አባባ።» እንደ ሕፃን ነበር ያለው።

ሽማግሌው ከንፈራቸውን አሞጠሞጡና የወፏን ዜማ ወፈር አድርገው አፏጩለት። የልጁ ፊት ፈካ።

«እንዲህ ነው የምትለው?»

«እንዲሁ ነው። አንተ ቀጠን አድርገህ አስበው።»

ወፏ ዝም ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠቻቸውና እንደገና ጀመረች። እሳቸውም እየተከተሉ ያፏጩ ጀመር። ፈጣሪ ይመስገን፣ እንዲህ ያለ ቅብብሎሽ ሰምቼ አላውቅም።

«ኧረ ወፍጮውስ?» አለች አንዷ ሴት ከነጆንያዋ ብቅ ብላ።

«አንዴ ይድገሙልኝ» አለ ልጁ፣ ሴትዮዋን ሳይሰማት።

«ቆይ እህቴ» አልኳት፤ «ይድገሙለት።»