ደም ያለበት ትራስ

ያን ዕለት ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስል መስታወቱ ውስጥ አንገቴ ላይ ደም አየሁ። ቁስል መስሎኝ ፈተግኩት፤ ቁስል የለም። ደግሜ ፈተግኩት፤ ቆዳዬ ቀላ እንጂ ጭረት እንኳ የለውም። ታዲያ ደሙ የማን ነው? እኔና እህቴ አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው የምንተኛው። አንገቴ አጠገብ አፉን አስጠግቶ ያደረ ፍጡር ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

ተመልሼ በበሩ ስንጥቅ አጮለቅኩ። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትራሷን እየገለበጠች ነው። የገለበጠችው ጎን ቀይ ነጠብጣብ አለበት። ከንፈሯ ጥግ ላይም የደረቀ ነገር አለ። ጉንጯ እንደተቀባ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል፣ ከመክሳቷ የተነሳ ጥርሷ ከፊቷ ቀድሞ የሚመጣ ሆኗል።

«ምን ታጮልቂያለሽ?» አለችኝ ሳትዞር።

«ምንም። ጫማዬን ልወስድ ነው።»

«አድርገሽው የለ እንዴ?»

ወደ እግሬ አየሁ። እውነቷን ነው። እንግዲህ ምን ይባላል? ሮጥኩ።

እኛ ቤት ትራስ ነው የሚሠራው። የሥራው ባለቤት አክስቴ ናት፣ የአባዬ ታላቅ። ላባ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ረጅሙ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ጨርቅ ውስጥ እንጠቀጥቀዋለን፤ እህቴ አፉን ትሰፋለች። እኔም ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርቴ ይኸው ነው። በዚህ ክፍል ሕጉ አንድ ነው፤ መስኮት አይከፈትም። ትንሽ ነፋስ ከገባች ላባው ጣሪያ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ስታሳድዱት ትውላላችሁ። ስለዚህ ሙቀትም ቢሆን ዝናብ፣ ታፍነን እንሠራለን። ሁላችንም እናስላለን። እኛ ቤት ሳል ማለት ላባ ማለት ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። አባዬ ሲያስል «ላባ ገባበት» አልን። ሲከሳም ላባ ነው አልን። አንድ ቀን የላባ ጆንያ ላይ ጋደም እንዳለ ቀረ። እሱ ከተቀበረ ብዙም ሳይቆይ እህቴንም ጀመራት።

ሮጬ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ካፒቴኑን፣ አባዬ በሞተበት ጆንያ ላይ ተዘፍዝፎ አገኘሁት። ካፒቴኑ የመቃብር ጠባቂያችን ነው። ካፒቴን ሆኖ አያውቅም፤ መርከብ ላይ ሽንኩርት ሲልጥ ነው ያረጀው፣ ግን ያልረገጠው ወደብ የለም። አክስቴ ከፊቱ ቆማ መዳፏን ጉንጯ ላይ አድርጋለች።

«የወንድምሽ መቃብር ሰምጧል፤ በጎኑም ተሰንጥቋል» አላት። «ከውስጥ የተገፋ ነው የሚመስለው።»

«ምን ማለት ነው?» አለች አክስቴ።

«ይወጣል ማለት ነዋ።» ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠራረገ። ወሬ ሲጀምር እንዲህ ነው። «አንድ ወደብ ላይ እንዲህ ያለው ሟች አፍ ውስጥ ጡብ ይከቱበታል፤ መግነዙን በልቶ ወደ ሰው እንዳይዞር። አንድ ደሴት ላይ ደግሞ ሴት ናት። ጭንቅላቷ ከአንገቷ ይነቀልና አንጀቷን እያንጠለጠለ ይበራል፣ አራስ ቤት ይገባል። ብርዳም አገር ደግሞ እህል ይበትኑለታል፤ ደም መጣጭ ፍሬውን ሳይቆጥር ማለፍ አይሆንለትም።»

ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ባንድ አገር ግን እንደናንተ ያለ ቤት ነበር» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባት በሳል ሞተ፣ ቀጥሎ ልጅ፣ ቀጥሎ ሌላዋ ልጅ። ቆፍረው ሲያዩት የአባትየው አፍ ደም፣ ልቡም ደም፣ ጥፍሩም አድጓል። ልቡን አቃጠሉና አመዱን በውኃ በጥብጠው ለታመመችው አጠጧት።»

«ዳነች?» አልኩ።

«ማን?»

«አመዱን የጠጣችው።»

ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «መርከባችን ቀድማ ተነሳች።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈነዳ ነበር። አክስቴ ግን ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «ነገ ጠዋት እንከፍተዋለን» አለች። «ልጅቷ አመዱን ትጠጣለች። እስከዚያ ንቅንቅ አትልም።»

እኔ ግን የምፈራው ሌላ ነበር። እጄ ሳላዘው አንገቴን ያዘ። «ጋሼ ካፒቴን፣ ደም የሚጠጣው ገና በሕይወት ያለ ሰው ቢሆንስ?»

አየኝ። «እንዲያማ ከሆነ እስኪሞት ማን ይጠብቃል?»

«ደም አየሁ» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ምላሳም እየተባልኩ ላደግኩት ለእኔ ቃል መዋጥ የመጀመሪያዬ ነው።

አክስቴ ወዲያው ሥራ ጀመረች። በመስኮቱ ላይ ሳንቃ ቸነከረች፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፈች፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ማሽላ በተነች።

«እትዬ፣ አባዬ እኮ ቁጥር አይወድም» አልኳት። «የትራስ ትዕዛዝ እንኳ እኔ ነበርኩ የምቆጥርለት። ማሽላውን ሲያይ ጥሎ ይገባል።»

«አንቺ ምላሳም! ትራሱን ለጤና ጣቢያው አድርሺና ተመለሽ!» ብላ እህቴን ከአልጋዋ አስነስታ እየደገፈች ረጅሙ ክፍል ውስጥ አስገባቻት። «እዚህ ነው የምትውይው፣ ዓይኔ ሥር» ብላ ቆለፈችባት። በሩ ሲዘጋ እህቴ አየችኝ። ያ የሚያበራ ዓይኗ ይቅርታ የሚጠይቅ መሰለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም፣ ይህም አስፈራኝ።

ትራሶቹን ተሸክሜ ጤና ጣቢያ ደረስኩ። የዶክተሯ ክፍል ያሉት መስኮቶች በሙሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ እንዳይበር ድንጋይ ተጭኖበታል። እኔ በሕይወቴ ነፋስ የሚገባበት የሥራ ክፍል አይቼ አላውቅም፤ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

«ትራሱን እዚያ አድርጊው» አለች።

አደረግኩት። አልሄድኩም። «ዶክተር፣ ለደም መጣጭ የሚሆን መርፌ አለ?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ በሩን ሰብሬ እወጣ ነበር። «ለማን ነው?»

«ለአንዲት የማውቃት ልጅ። ከስታለች። ማታ ማታ በላብ ተዘፍቃ ነው የምታድረው። ፀሐይ ወጋኝ ትላለች። ጥርሷ ረዝሟል። አፏ ላይ ደም ነበር፣ ደግሞ...» አንገቴን አሳየኋት፤ ታጥቤው ምንም የለበትም።

«ታስላለች?»

«እኛ ቤት ሁሉም ያስላል። ላባ ነው።»

«ከቤታችሁ የሞተ አለ?»

«አባዬ።»

«በምን?»

«በላባ» አልኩ።

ተነሥታ ጭምብሏን አፏ ላይ ሳበች፤ ለእኔም አንድ ሰጠችኝ። «ክፍላችሁ መስኮቱ ይከፈታል?»

«አይ፣ ላባው እንዳይበር...» እያልኩ ድምፄ እየቀነሰ መጣ። ድንጋይ የተጫነበት ወረቀት ጫፉ ብቻ ይርገበገባል።

«ስሚኝ» አለች። «ደሙ የራሷ ነው፤ ከሳንባዋ ነው የሚወጣው። ሌሊት ስታስል አንገትሽ ላይ ነጥቦ ይሆናል። ማንንም አልጠጣችም፤ በሽታው ነው እሷን እየጠጣት ያለው። መመርመር አለባት እንጂ የሳንባ ነቀርሳ ነው የሚመስለኝ። በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፣ የተዘጋ ክፍል ደግሞ በጣም ይመቸዋል።»

የካፒቴኑን ወሬ ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ጡቡን፣ ማሽላውን፣ የተቃጠለውን ልብ።

«ሰዎቹ ያዩት ውሸት አይደለም» አለች። «ካንድ ቤት ሰው ተከታትሎ ሲሞት አይተዋል። የሳቱት ምክንያቱን ነው። ሟቹ ተመልሶ አልመጣም፤ በሕይወት እያለ ያሳለው ነው ከቤተሰቡ ጋር የቀረው።»

«ካፒቴኑ ግን አፉ ላይ ደም ተገኘ ይላል እኮ! ጥፍሩም አድጎ!»

«ሬሳ ሲበሰብስ ሆዱ በጋዝ ይነፋል። ያ ጋዝ ከውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ አፍ ይገፋዋል፤ ለሚያየው ጠጥቶ የጠገበ ይመስላል። ቆዳው ሲደርቅ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጥፍርና ጥርስ ያደጉ ይመስላሉ። አፈሩም ከሥር ሲረግብ ይሰምጣል። አባታችሁን ቢከፍቱት ይህንኑ ነው የሚያዩት፤ አይተውም ያምናሉ። እንዳይከፍቱት።»

«ፀሐይ የሚጠሉትስ?»

«ፀሐይ ቆዳቸውን የሚያቃጥላቸው፣ ሽንታቸው የሚቀላ ሕሙማን አሉ፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ ብዙም አይገኝም። እህትሽን ግን የሚያቃጥላት ትኩሳቱ ነው።»

«እህቴ ናት አላልኩም!»

«አላልሽም» አለች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ። «ዛሬውኑ አምጫት። ዛሬ ነው ያልኩሽ።»

ወደ ቤት ስሮጥ የሰማሁትን ሁሉ አምኜ ነበር። ደጃፋችን ስደርስ ግን ግማሹ ጠፋብኝ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ጤና ጣቢያ ትተኸው የመጣኸው ይመስልሃል፣ ቤትህ ቀድሞህ ገብቶ ይጠብቅሃል።

አክስቴ ክፍሉን ከፍታ ገብታ ትራስ ስትጠቀጥቅ አገኘኋት። እህቴ ጥግ ላይ ተኝታለች፣ ትንፋሿ ያፏጫል። አየሩ ከብዶ፣ ላባው በመብራቱ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል።

«እትዬ፣ መስኮቱ ይከፈት። ዶክተሯ እህቴን ዛሬውኑ አምጫት ብላለች።»

«አብደሻል? ላባውስ? አባትሽስ?»

ጨርቅ የምንቆርጥበትን ትልቁን መቀስ አነሣሁና በሳንቃው ሥር ሰካሁት። አክስቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ሳበችኝ። እኔም መቀሱን ሳብኩ። ሚስማሩ ሲነቀል የጮኸው ጩኸት ጥርሴን አንቀጫቀጨው። አንድ ሳንቃ ወደቀ። ሁለተኛው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

ከሳንቃው ማዶ ጥላ አየሁ።

ጥላው ቁመቱ የአባዬን ያህላል፤ ይንቀሳቀሳል። ዶክተሯ፣ ጋዙ፣ ትንፋሹ፣ ሁሉም ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ከኋላዬ እህቴ አሳለች፣ ማቆም እስኪያቅታት አሳለች፤ በሳሏ መሀል «ጩጬ፣ አየር...» ስትል ሰማኋት። ጩጬ የሚለኝ አባዬ ነበር፤ ከእሱ ነው የወረሰችው።

አባዬም ቢሆንስ? ብዬ አሰብኩ። አባዬ እኮ ነው። ልጁ አየር ስትል ቆሞ ማሽላ ይቆጥራል?

ዓይኔን ጨፍኜ ሳንቃውን ሳብኩት፤ መስኮቱንም ገፍቼ ከፈትኩት።

ነፋሱ ገባ። ማሽላው ፊቴ ላይ ተረጨ። ላባው ከጆንያው፣ ከወለሉ፣ ከትራሱ አፍ ተነሥቶ ክፍሉን ነጭ አደረገው፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ነጎደ። ዓይኔን ስገልጥ ጥላው ገመድ ላይ የተሰጣ የትራስ ጨርቅ ሆኖ አገኘሁት። እኔው ራሴ ነኝ ትናንት ያሰጣሁት።

«ጉድ ሠራሽኝ! ጉድ!» አክስቴ በሁለት እጇ ላባ ስትቀልብ፣ ስትጮህ፣ ስትቀልብ፣ ሳል ያዛት። ጎንበስ አለች። መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ስታነሣው ሁለታችንም አየነው።

ቀይ ነበር።

አክስቴ መሐረቡን አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አየችው። በአንድ ጊዜ ሕፃን ሆነችብኝ። እኔም ያን ያህል ፈርቼ ሳለ ምላሴ አላስቻለውም።

«እትዬ፣ አንቺንስ ማን ነከሰሽ?»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። እጄን ያዘችኝ። «ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላውቅም» አለች። «ላባ ነው እያልኩ...» ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገችና «ያዣት እህትሽን፣ በዚያ በኩል ደግፊያት» አለችኝ።

ካፒቴኑ በማግስቱ አካፋውን ይዞ መጣ። አክስቴ ከደጅ መለሰችው። «ወንድሜ ተኝቷል፣ ይተኛበት። ይልቅ እርስዎም ያስላሉ፣ ይመርመሩ» አለችው። «የእኔ የባሕር ብርድ ነው» እያለ፣ አፈር እየረገጠ ሄደ።

እህቴም አክስቴም መድኃኒት ጀመሩ። እኔን መርምረው ለጊዜው ነፃ ነሽ አሉኝ። ዶክተሯ ስለ መድኃኒቱ ብዙ ነገር ነግራኛለች፤ እኔ ግን «ትድናለች?» ብዬ «ካላቋረጠች ትድናለች» ካለችኝ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። እህቴ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ወጥ ቤት መተኛት ጀመርን። ጠዋት ሳስነሣት ከበር ላይ ሆኜ ነው፤ ለበሽታው ነው እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጥርሷን ገና እፈራው ነበር።

አንድ ጠዋት ጮኸች። አክስቴና እኔ ተገፋፍተን ገባን። አልጋው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የምታለቅሰው እንባ ቀይ ነው። እውነቴን ነው፣ ብርቱካን የመሰለ ቀይ፣ በነጩ ትራስ ላይ እየነጠበ።

«ሽንቴም እንዲሁ ነው» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ምን ሆኜ ነው? ካፒቴኑ እውነቱን ነው እንዴ?»

አክስቴ ወደ ማሽላው ጣሳ ሮጠች። እኔ ደረቅኩ። እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፣ ሊሮጥ። ያኔ ነው ዶክተሯ ከተናገረችው ያ ያልሰማሁት ግማሽ ብልጭ ያለልኝ፤ «መድኃኒቱ ሽንትና እንባ ያቀላል፣ እንዳትደነግጡ።»

«መድኃኒቱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ነግራኝ ነበር! ረስቼው ነው! እትዬ፣ ማሽላውን አስቀምጪ!»

«የማትረቢ!» አለችኝ እህቴ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

ቀረብኳት። ልቤ ይደልቃል፤ ማወቅና አለመፍራት ለየቅል ናቸው። አውራ ጣቴን ዘርግቼ ጉንጯን ጠረግኩላት። እንባው ሞቃት ነበር። ጣቴን አየሁት፣ በቀሚሴ አበስኩትና ሌላኛውን ጉንጯን ጠረግኩ።