የአስጀማሪው ሳቅ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም። አንድ ቀን ወገብ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛዋ እጆቿን ዘርግታ ቆማ ሳለ፣ እንዲያው እንደ ዋዛ፣ "ባልሽ እኮ አሁንም ይስቃል" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ ይዛው የነበረውን መርፌ ልትውጠው ምንም አልቀራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውየው መተዳደሪያ ሳቅ ነበር። እራት እየተበላ ቀልድና ሙዚቃ የሚታይበት አዳራሽ አለ፤ እሱ እዚያ እንደ ማንኛውም ተመጋቢ ሰው መሃል ይቀመጥና፣ ቀልደኛው ቀልዱን ሲጥል ቀድሞ ይስቃል። ሰው መቼም ብቻውን መሳቅ ይፈራል። አንዱ ከጀመረለት ግን ማን ይመልሰዋል? ለዚህ ነው "አስጀማሪው" ያሉት። ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ነው፤ ጥርሱ አይገለጥም። ሳቁን ለባዳ ሲበትን አምሽቶ ለእሷ ዝምታውን ይዞላት ይመጣል። ይህ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ አንጀቷን ሲያሳርራት ኖሯል። አሁን ደግሞ ይባስ ብለው ድምፁን ቀድተው አስቀርተውት፣ ከሞተም በኋላ ያስቁታል። ሄጄ አስጠፋዋለሁ፣ ቢያንስ አፈር ውስጥ እንኳ ይረፍ ብላ ቆርጣ ተነሣች። ታናሽ እህቷም እራት መኖሩን ስትሰማ ብቻሽንማ አትሄጂም ብላ ተከተለቻት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አስተናጋጆቹ ትሪ ከራሳቸው በላይ አንስተው በወንበሮቹ መሃል በጎን በጎን ይሾልካሉ። ሾርባው፣ ሽቶው፣ የሰው ትንፋሽ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል። ግድግዳው ጥግ ካለው ጠረጴዛ ጋ ግን ሰው የለም። አንድ ወንበር፣ አንድ የተወለወለ ብርጭቆ፣ "ተይዟል" የሚል ካርቶን። ከጨርቁ ሥር የድምፅ ማጉያ ሳጥን ብቅ ብሎ ይታያል። እህቷ ጠቆመቻትና ወዲያው በመጠቆሟ ተጸጸተች።

መጀመሪያ ሙዚቀኞቹ ተጫወቱ። ከዚያ ወፍራሙ ቀልደኛ ነጭ ካፖርት ለብሶ ወጣ፤ መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስት ሐኪም ሆኖ ነው። መርፌውን ከፍ አደረገ፣ አየው፣ በሽተኛው ላይ ዘጭ አለ። አዳራሹ ለአፍታ ጭጭ አለ። ያኔ ከባዶው ወንበር ሳቁ መጣ። ጉሮሮ እንደሚጠርግ ሰው በዝግታ ጀመረና ከሆዱ ፈንቅሎ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ክው ብላ ቀረች። ሰዉ ግን ተከትሎ አውካካ። እህቷ ሳትቀር አፏ ምግብ እንደሞላ ሳቀች፤ የማን ሳቅ እንደሆነ ትዝ ሲላት አፏን በመሐረብ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ በኋላ እየደጋገመ ሳቀ። ያው ሳቅ፣ መሃል ላይ ያችው ትንፋሽ። ከእሷ በቀር ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ሕያው ሰው ሁለቴ አንድ ዓይነት ሳቅ አይስቅም፤ ይህን ስታስብ ብርድ ብርድ አላት።

ለእረፍት መብራት ሲበራ ጠባቡን ደረጃ ወጥታ ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰው ክፍል ገባች። ሰውየው ሲያያት ብድግ አለ፤ ቀብር ላይ አይቷታል። የባሌን ሳቅ አጥፋልኝ አለችው፣ ያለ ሰላምታ። አልተከራከራትም። ወንበሩን ለቀቀላትና የጆሮ ማዳመጫውን አቀበላት።

"አጠፋዋለሁ፣ እትዬ። ግን ሙሉውን ሰምተውት ይሁን። እኛ የምናሰማው መሃሉን ቆርጠን ነው።"

ከዚያ ነገሩን አጫወታት። ያኔ እሱ ሥራ መጀመሩ፣ ባሏም አዲስ ሙሽራ ነበር። በቀልዶቻቸው ሲስቅ የቀዱት ሁሉ የውሸት ይመስላል። ይኼኛው ግን የማታው ዝግጅት ሳይጀመር፣ ማይክሮፎን ሲሞክሩ፣ ሰውየው ስለ ቤቱ ሲያወራ ሳያስበው የተቀዳ ነው።

ሰማችው። ወጣት ድምፁ፦ "ሴትዮዋ ጨርቁ ጠበበ ብላ መጣች። ባለቤቴ ዝም ብላ ለካቻትና ምን አለቻት? ጨርቁማ እንዳለ ነው፣ እርስዎ ነዎት የተትረፈረፉት።" ሳቁ ተከተለ፣ ያ ጉሮሮ የሚጠርገው፣ ያ ከሆድ ፈንቅሎ የሚወጣው። ሲያባራ እንዲህ አለ፦ "ዛሬ ማታ ቤት ገብቼ እንዲህ ነው የምስቅላት። እሷ እኮ እናንተን ሁሉ ታስንቃለች።"

ልብስ ሰፊዋ ያን ማታ አስታወሰች። ባታስታውሰው በወደደች። ለሠርግ የሚደርስ ልብስ ይዛ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ሴትዮዋ አንሥቶ መሳቅ ጀመረ። ቀና ሳትል፣ "ሥራህን እዚያው ጨርሰህ ና፤ እዚህ የሚከፍልህ የለም" አለችው። ሳቁን መሃል ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሲስቅ ሰምታው እንደሆነ አሰበች፤ አንድም ቀን አልመጣላትም።

ታች መብራቱ ጠፍቶ ሁለተኛው ክፍል ጀምሯል። ወፍራሙ ቀልደኛ ቀልዱን ጣለና እጁን አየር ላይ እንደሰቀለ ቆመ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ድምፅ ተቆጣጣሪው ጣቱን ከቁልፉ አንሥቶ ወደ እሷ ዞረ።

"ላጥፋው፣ እትዬ?"

እጇን ዘርግታ ቁልፉን ራሷ ተጫነችው። ከጥጉ ወንበር ሳቁ ተነሣ። ሰዉ ወዲያው ተከተለና፣ የአዳራሹ ጫጫታ የእሱን ዋጠው።

"ከፍ አድርገው" አለችው፣ እንባዋ እየወረደ። "ሰዉ ሸፈነብኝ።"