የሰብሊ ስኳር ድንች

ንግሥቴ ከሰው ቤት እህል ከምትበደር ጦሟን ብታድር የምትመርጥ ሴት ናት። ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ባለው መንደር ይህን የማያውቅ የለም፤ ካለም ራሷ ትነግረዋለች። የጥቅምቱ በረዶ ጤፏን አንጥፎት ሲያልፍ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያጽናናት መጣ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ደጃፏ ላይ ቆመችና «ምን ሆንኩና ነው? ያለፈው ዓመት እህል መቼ አለቀና!» ብላ መለሰቻቸው። ሰኔ ሲገባ ጎተራዋ ውስጥ አይጥ እንኳ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ይህን የሚያውቁት ግን እሷና ልጇ ወንዳወቅ ብቻ ነበሩ።

እንዲህ ባለው ሰኔ ነው እንግዲህ የሚካኤል ማኅበር ተራ የደረሳት። ጽዋ የተቀበለች ሴት ማኅበርተኛ ጠርታ ባዶ ሌማት አታቀርብም። ንግሥቴ ደግሞ ከሁሉም በላይ አታቀርብም። የቀረቻትን ዱቄት አራግፋ ለዳቦው አቦካች፤ ጠላውንም በተረፈችው በቆሎ ጠመቀች። ከዚያ በኋላ ምን ይበላል? እንጀራ የለ፣ ንፍሮ የለ።

«ከጓሮ አለ» አላት ወንዳወቅ።

«ምን አለ?»

«ስኳር ድንቹ አለ፣ እምዬ።»

የስኳር ድንቹን መደብ የተከለችው የወንዳወቅ ሚስት ሰብሊ ናት። ሐረጉን ከቡሬ ዘመዶቿ ዘንድ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አምጥታ፣ ሙሽርነቷን ሳትጨርስ ጓሮውን ቆፍራ ተከለችው። ንግሥቴ ያን ጊዜ ምንም አላለችም፤ ወይም ያለችው ለራሷ ነው። የልቧን ያወጣችው በአጨዳ ደቦ ቀን ነበር። ሰብሊ ስኳር ድንቹን ረመጥ ውስጥ ጠብሳ ለደቦኛው በቁርስ ሰዓት አቀረበች። ሰዎቹ እጃቸውን ሰደድ ሰደድ ማድረግ ሲጀምሩ ንግሥቴ ከውድማው ደረሰች። ትሪውን ከመሀላቸው አንሥታ «እኔ ቤት ሰው ሥር አይበላም! ይሄ የከብት ነው!» ብላ በሰው ሁሉ ፊት የጥጃ ገበቴ ላይ ገለበጠችው። ማታ ሰብሊ ጨቅላዋን ውዳሴን አዝላ ወንዙን ተሻግራ ወደ እናቷ ወደ ሸጋዬ ቤት ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ወንዳወቅ አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ ነውና መሬቱንም እናቱንም ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ሚስት እያለው እሑድ እሑድ ወንዝ ተሻግሮ የገዛ ልጁን እንደ እንግዳ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ሆነ። በበጋ በበጋ ደግሞ የምንጩን ውሃ እየመለሰ የሰብሊን መደብ ያጠጣል። ንግሥቴ ሲያጠጣ እያየች እንዳላየች ታልፈዋለች።

በዋዜማው የንስሐ አባቷ አባ ሃይለ ሚካኤል በዝናብ በስብሰው መጡ። እሳት ዳር አስቀመጠቻቸው። ነገር ሳያዞሩ ጀመሩ።

«ነገ ሸጋዬ ትመጣለች፣ ልጄ። ዕጣው ዘንድሮ ከአንቺ ቀጥሎ እሷን አውጥቷል። ጽዋውን ከዚህ ቤት ነው የምትረከብ።»

«ትምጣ። ማን ከለከላት?»

«ሰብሊንም አነጋግሬያታለሁ። ካሳ አልፈለገች፣ እግሬ ላይ ትውደቅ አላለች። ያን ቀን በሰው ፊት እንዳዋረደችኝ፣ በሰው ፊት ‹በድያታለሁ› ትበል ነው ያለች። ያንን አንድ ቃል ካልሽ በማግስቱ ልጅቷን ይዛ ቤቷ ትገባለች። እናቷም እሺ ብላለች።»

«ካላልኩስ?»

አባ ሃይለ ሚካኤል ወደ ወንዳወቅ ተመለከቱ። ወንዳወቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጭቃውን ከእግሩ በእንጨት እየፋቀ ነበር፤ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ካላልሽማ እኔ እሄዳለሁ። ልጄ አባት ማለት እሑድ የሚመጣ ሰው ነው እያለች ማደግ የለባትም።»

ንግሥቴ ልጇን አየችው። አድጎ አግብቶ እንኳ እንዲህ ሲናገራት የመጀመሪያው ነው። ክፉኛ ደነገጠች፤ ድንጋጤዋንም እንደ ልማዷ በቁጣ ሸፈነችው። «እላለሁ! ምነው፣ ምላሴ ተቆረጠ?» አለች። ማለቷ ደግሞ ከልቧ ነበር። የልጅ ልጇን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሩቅ አይታት፣ ልጅቷ ከሸጋዬ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ እንደማያውቁት ሰው ስታፈጥባት፣ እቤቷ ገብታ ያለቀሰችው ልቅሶ አልወጣላትም።

በማግስቱ ወንዳወቅ ጎህ ሳይቀድ መደቡን ቆፍሮ አንድ ቅርጫት ሙሉ አወጣላት። ቀያዮች ናቸው፤ አንዳንዱ የሰው ጭን ያህላል። ንግሥቴ የሰኔ እርጥብ እንጨት አንድዳ በጭስ ዓይኗን እያበሰች የመጀመሪያዎቹን ነበልባል ላይ ጣለቻቸው። ውጫቸው ከሰል ሆነ፤ ብትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ጥሬ ነው። ተናደደችና ወረወረቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ምድጃ ዳር የኖረች ሴት በአንድ ድንች ልትረታ ነው?

ከዚያ ቀስ እያለ ትዝ አላት። ሰብሊ እሳቱን አትቸኩለውም ነበር። ነበልባሉ እስኪሞት ትጠብቃለች። ረመጡን በእንጨት ገለጥ ታደርግና ድንቾቹን ሳትልጣቸው ጎን ለጎን ታስተኛቸዋለች፤ አመድ ታለብሳቸዋለች፤ ከአመዱ በላይ ፍም ትበትናለች። ከዚያ ጥጧን አንሥታ ትፈትላለች እንጂ እየቆሰቆሰች አትነካካቸውም። ንግሥቴ ይህን ሁሉ እንዴት አወቀች ቢባል፣ ከጓዳ ደጃፍ ቆማ እንከን ስትፈልግ ነው። ያን ጊዜ ለነቀፋ ያየችው ሁሉ አሁን አንድ ሳይቀር መጣላት።

እንዳየችው አደረገች። ከጓዳ የተረፈችውን ኑግ ቆልታ ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር ወቀጠችው። ዘይቱን በነጭ ሽንኩርት አሞቀችው። ከረፋዱ ላይ ልጣጩ ተጨማድዶ፣ በስንጥቁ ማር የመሰለ ነገር እየወጣ፣ ሽታው ጓዳውን አልፎ ደጅ ደረሰ። ወንዳወቅ እንጨት ከሚፈልጥበት ቆም ብሎ ወደ ቤቱ ዞረ። ያን ሽታ ያውቀዋል። ንግሥቴ አየችውና ዛሬስ ያችን ቃል እላታለሁ አለች በልቧ። ራሷ ግን አልቀመሰችውም። ቅዳሴ ሳይወጣ ጦም ነው አለች ለራሷ፤ እውነቱን ለመናገር የዚያን ጊዜም ቀምሳው አታውቅም። ከሁሉ የሚያምረውን መርጣ፣ ሰንጥቃ ኑጉን ነስንሳ፣ በኮባ ጠቅልላ ምድጃው ዳር ለውዳሴ አስቀመጠች።

ማኅበርተኛው ከቅዳሴ መልስ ገባ። ሸጋዬ የመጨረሻ ሆና መጣች። በፊት አንቺ የሚባባሉ ባልንጀሮች ነበሩ፤ አሁን ግን ሸጋዬ ጎንበስ ብላ «እንዴት ዋሉ?» አለችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አባ ሃይለ ሚካኤል ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ፤ ጠላው ተቀዳ። ከዚያ ንግሥቴ ትሪውን ይዛ ወጣች።

የሁሉም ዓይን ትሪው ላይ ዐረፈ። ካሉት ብዙዎቹ የዚያን ቀን ደቦ ላይ የነበሩ ናቸው። የማኅበሩ አለቃ አያ ቢሰጥ እንዲያውም የመጀመሪያዋን ጎርሰው ሁለተኛዋን ሲያነሡ ነው ትሪው ከፊታቸው የተነጠቀው። አሁን ትሪውን አዩ፣ ንግሥቴን አዩ፣ ሳቅ አሉና አንዱን አነሡ። ሌላውም ተከተለ። ትንሽ ቆይቶ የሚሰማው የሰው ማላመጥ ብቻ ሆነ።

«ኧረ ይሄ ነገር ምን ይጥማል!» አለች እህተ ማርያም የምትባለው ጎረቤቷ፣ ጣቷን እየላሰች። «ንግሥቴ ድንጋይ ብትቀቅል እንኳ ይበላላታል እኮ!»

«እጅሽ ይባረክ!» አለ ሌላው።

«ኑጉን እንዴት አሰብሽው በይ? በጦም እንዲህ ያለ ጥጋብ!»

ከጥቅምት ወዲህ ንግሥቴን ያመሰገናት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያዘነላት ነበር። አሁን ግን ትሪው ተመልሶ እየሞላ እየጎደለ፣ የሴቶቹ ዓይን እንደ ድሮው በቅናት ሲያያት፣ ወገቧ ቀና አለ። አባ ሃይለ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሁን ነው ማለታቸው ነው። ወንዳወቅ ማሰሮውን እንደያዘ ቆመ። ሸጋዬም በእጇ ያለችውን ቁራሽ ወደ አፏ ሳታደርስ ጠበቀች።

አያ ቢሰጥ ደግሞ መንገዱን ልጥረግላት ብለው ነው፣ ክፋት የላቸውም። «እኔማ ይሄን ጣዕም አውቀዋለሁ» አሉ። «ያን ቀን አንዱን ጎርሼ ሁለተኛውን ነው የነጠቅሽኝ። ከሰብሊ የተማርሽው ነው አይደል?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ የወዳጅ ሳቅ ነበር። ንግሥቴ ግን የሰማችው ሌላ ነው፤ በጥጃ ገበቴ ላይ የደፋችውን ነገር ዛሬ ቸግሯት እንግዳ የምታበላበት ሴት እየተባለች የሚሳቅባት መሰላት። «በድያታለሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«ኧረ ወዲያ! እኔ ነኝ ከልጅ የምማር? ይሄ ከራሴ አስቤ ያመጣሁት ነው። የሷማ ጥሬ ነበር!»

የሳቀ የለም። አያ ቢሰጥ ቀምሰውት ነበርና ጥሬ እንዳልነበረ ያውቃሉ። አንገታቸውን ደፍተው ዋንጫቸውን አነሡ። አባ ሃይለ ሚካኤል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሸጋዬ ቁራሿን ቀስ ብላ ትሪው ዳር መለሰቻት፤ ጣቷንም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ንግሥቴ የተናገረችውን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ቀልዴን ነው ልትል ፈለገች። ዳሩ ግን ጠላ ቅዱ እንጂ፣ ምነው ሰው ባዶ ዋንጫ ይዞ ተቀመጠ እያለች ጓዳና እልፍኝ ትመላለስ ጀመር።

ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ደረሰ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሌማት ላይ ለሸጋዬ ተሰጣት፤ እልል ተባለ። በማኅበሩ ደንብ የሰጪው ቤት ሰው የጠላውን ማድጋ ተሸክሞ ተረካቢዋን ደጃፏ ድረስ ይሸኛል። ይህን የሚያደርገው ወንዳወቅ ነው። ንግሥቴ ሸጋዬ ከበሩ ሳትወጣ በኮባ የተጠቀለለውን ይዛ ደረሰችባት።

«ለልጅቷ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አሁንም ትኩስ ነው።»

ሸጋዬ ኮባውን አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «የተባረከውን ዳቦ ይዤላታለሁ። ይሄን እንኳ አልቸገራትም፤ እናቷ ጠዋት ጠዋት ትሠራላታለች። አንቱ ይብሉት» አለችና ወጣች።

ንግሥቴ ደጃፉ ላይ ቀረች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሰዎቹ ጽዋውን ከበው እየዘመሩ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመሩ። ወንዳወቅ ከጓሮ በኩል መጣ፤ ማድጋውን በትከሻው አድርጓል፤ በብብቱ ደግሞ ሌላ የኮባ ጥቅል ይዟል። ለአንድ አፍታ ልቧ ዘለለ። ልጇ ደብቆ ለውዳሴ የሚወስድላት ምግብ መሰላት። ቀረብ ሲል ግን ከጥቅሉ ጫፍ የተንጠለጠለ አረንጓዴ ቅጠል አየች። አዲስ የተቆረጠ የስኳር ድንች ሐረግ ነው።

«ማታ ትመጣለህ?» አለችው።

«ክረምቱ ሳያልፍ እዚያው ልትከለው» አላት ወንዳወቅ። ማድጋውን አመቻችቶ ትንሽ ቆመ። «እንጨት ፈልጬ ከማጀት አስገብቼልሻለሁ። ጥጃዋን ሳይመሽ እሰሪ።» ሄደ።

ንግሥቴ ወደ ቤት ገባች። ትሪው ባዶ ነው፤ ከሸጋዬ ቁራሽ በቀር ማኅበርተኛው ጠራርጎ በልቶላታል። ስሟ ተርፏል፤ ነገ በወንዙም በገበያውም በረዶ የመታት ንግሥቴ ማኅበሯን አጥግባ ሸኘች ይባላል። ምድጃው ዳር ተቀመጠችና ኮባውን ፈታችው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። ቆረሰችና ጎረሰች።

ለመጀመሪያ ጊዜ መቅመሷ ነው። ለስላሳ ነው፤ ጣፋጭነቱ ከኑጉና ከሚጥሚጣው ጋር አፍ ውስጥ ይቆያል። ማላመጧን አቆመች። ያን ቀን ገበቴው ላይ የደፋችው ይሄ ነበር። ሰብሊ እንቅልፏን አጥታ ጠብሳ ያቀረበችው ይሄ ነበር።

«ጥሬ አልነበረም» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ጥሬ አልነበረም፤ በድያታለሁ።»

ባዶ በርጩማዎቹ ዙሪያውን እንደተደረደሩ ናቸው። ከወንዙ ማዶ፣ ከሸጋዬ ደጅ፣ እልልታው እስከዚህ ተሰማ። ጽዋው ገብቷል።