ድምፅ የተከለከለለት ሰው

መልካሙ ንዴት የሚቀድመው ሰው ነው፤ ማሰቡ በኋላ ነው የሚመጣለት። በድንበር ጠብ ጎረቤታቸው ደጀኔ የመልካሙን ታላቅ ወንድም የስመኘውን ባት በመጥረቢያ ሲከፍተው፣ ደሙን ላቁም ብሎ የበረት አፈር ዝቆ ቁስሉ ውስጥ የጠቀጠቀው እሱ ነው። አባቱም እንዲያው ነበር የሚያደርጉት።

በስምንተኛው ቀን የስመኘው መንጋጋ ተቆለፈ። ወገቡ ወደ ኋላ እንደ ደጋን ተለመጠ፤ መደቡን የሚነካው በተረከዙና በማጅራቱ ብቻ ሆነ። ጥርሱ ምላሱን ቆርጦት ደሙ በአገጩ ወረደ። ልቡናው ግን ደህና ነበር፤ ያያል፣ ይሰማል፣ እንባውም ይወርዳል። ሚስቱ ተናኜ ለቅሶዋ እንዳይሰማው ነጠላዋን ነክሳ አጠገቡ ተቀመጠች።

ከቡሬ ወዲህ ካለው ጤና ኬላ የመጣችው የጤና ባለሙያ ትሕትና መንጋጋ ቆልፍ ነው አለች። ነርቭ ጡንቻን ያዝ ይለዋል፣ ደግሞ ልቀቅ ይለዋል፤ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ጎንበስ ቀና የሚለውም በሁለቱ ነው። በአፈሩ የገባው መርዝ ልቀቅ የሚለውን ትእዛዝ ዘግቶበታል፤ ስለዚህ ኮሽታ በሰማ ቁጥር መላ አካሉ ባንዴ ይኮማተራል። አምቡላንስ ከፍኖተ ሰላም እስኪደርስ ቤቱ ይጨልም፣ ውሻውም ከደጅ ይራቅ አለች።

"ድምፅ ይገድለዋል" አለቻቸው።

መልካሙ ግን አፈር የሚለውን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ወዲያ ያለችውን አላዳመጠም። ጥፋቱን መሸከም አቃተው፤ ይልቅ ደጀኔን መጥላት ቀለለው። ወንድሜ ደሙ ሳይመለስለት አይሞትም ብሎ ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ።

ደጀኔን ወንዝ ዳር በሬ ሲያጠጣ አገኘው። የመጀመሪያው ጥይት ጉልበቱን ሰበረው። ስለ ልጆቼ እያለ ሲድህ ሁለተኛው ደረቱን በረቀሰው። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር፤ ተኮሰው።

እንግዲህ ባገሩ ደም የመለሰ ሰው እንደ ሌባ ዝም ብሎ አይገባም። ወንድሜ ሳይሞት ይስማልኝ፣ አንጀቱ ይራስ አለ መልካሙ። ግቢው ሲደርስ "ዘራፍ!" ብሎ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ትሕትና ወጥታ ሁለት እጇን ስታራግብለት የደስታ መሰለውና ደገመ። ወይ አለማስተዋል!

ደጃፉን ሲረግጥ የስመኘው አከርካሪ ቋ ሲል ሰማ። ሰውየው ተወጥሮ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ ደረቱ ውስጥ እንደተያዘ ቀረ። ዓይኑ ግን በሩን እያየ ነበር።

"ጋሼ፣ መለስሁልህ" አለ መልካሙ።

ተናኜ ነጠላዋን ከጥርሷ አላቀቀች።

"በል ፎክር" አለችው። "አሁን አይሰማህም።"